ስለ ቆርቆሮ አሠራርና አፈታተን፤ ብረት ሳይግል በመዳመጫ ቅርጽ ስለ መያዙ

እህልን ማምረት ብቻውን ለአገር አይበቃም። የተመረተው እህል ከዝናምና ከእርጥበት ተጠብቆ እስከ ችግር ቀን ያልደረሰ እንደ ሆነ፥ ገበሬው የደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የጎተራው ግድግዳ ቢጠና ወለሉም ቢደርቅ፥ ክዳኑ ካፈሰሰ እህሉ ይሻግታል፤ የሻገተውም እህል ለሰው ቀርቶ ለከብት እንኳ አይበጅም። ስለዚህ የጎተራ እውነተኛ ጠባቂ ክዳኑ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዛሬ የሕዝብ ጎተራም ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም የሚከደነው በቆርቆሮ ነው። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮ መግዛትና መረከብ ከአገር አስተዳዳሪዎች፥ ከወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ካላቸው ባለጸጎች ሥራ አንዱ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ሰው ቆርቆሮን የሚረከበው ብልጭታውን አይቶ ቁጥሩንም ቆጥሮ ብቻ ነው። ብልጭታ የብረቱን ውፍረት አይነግርም፤ ቁጥርም ክብደቱን አያስታውቅም። ሁለት ቆርቆሮዎች በሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ አንደኛው ግን ሃያና ሠላሳ ክረምት ሲያሳልፍ፥ ሁለተኛው በጥቂት ዘመን ጎብጦና ዝጎ ሊፈርስ ይችላል።

ይህ ትምህርት ሦስት ነገር ያስረዳል። አንደኛው፥ የቆርቆሮ ኃይል ከምን እንደሚመጣ፤ ሁለተኛው፥ ብረቱ በእሳት ሳይግል እንዴት ያንን ቅርጽ እንደሚይዝ፤ ሦስተኛው፥ ሥራው በሂሳብና በፈተና እንዴት እንደሚመረመር ነው። በመጨረሻም ርክክብ የሚያደርግ ሰው በገመድና በሚዛን ብቻ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና ተጽፏል።

፩ኛ፤ የቆርቆሮ ኃይል ከምን እንደሚመጣ

ይህን ለመረዳት አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። ሁለት መጻሕፍትን አንድ ስንዝር ያህል አራርቆ አስቀምጦ ወረቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዘረጉት፥ ምንም ሳይጫንበት በራሱ ክብደት ይረግባል። ያንኑ ወረቀት አንሥቶ እንደ ማራገቢያ በጠባብ በጠባቡ አጣጥፎ፥ እጥፋቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እንዲሄድ አድርጎ ቢያስቀምጡት ግን ሳንቲምም እርሳስም ይሸከማል። ወረቀት አልተጨመረም፤ የተጨመረው ቅርጽ ብቻ ነው። እጥፋቱን ወደ ጎን አዙረው ቢያስቀምጡት ደግሞ ያ ኃይል ሁሉ ይጠፋል።

የቆርቆሮም ነገር እንዲሁ ነው። ጠፍጣፋው ላሜራ ልክ እንደ ተዘረጋው ወረቀት ነው፤ ማረሻ በመሬት ላይ ትልም እንደሚያወጣ በላሜራው ላይ ትልም ሲወጣለት ቆርቆሮ ይባላል። ትልሙ ከማገር ወደ ማገር መሄድ አለበት፤ ዝናሙም በዚያው ትልም ስለሚወርድ አንዱ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል።

ኃይሉ ምን ያህል እንደሚጨምር በሂሳብ ይታወቃል። ለምሳሌ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፥ ከጎድጓዳው እስከ ጀርባው 18 ሚሊ ሜትር፥ ከአንዱ ጀርባ እስከ ሁለተኛው ጀርባ 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልም ቢወጣለት፥ በትልሙ አቅጣጫ መጉበጥን የሚቃወምበት ኃይል ከጠፍጣፋው ይልቅ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህንን ያህል ጥንካሬ በጠፍጣፋ ብረት ለማግኘት የብረቱ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባዋል፤ ይህም ከ12 እጥፍ በላይ ብረት መግዛት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሹም የሆነ ሰው በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የቆርቆሮው ጥንካሬ ከትልሙ ጥልቀት ጋር እኩል አይቀንስም፤ ጥልቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ነው የሚቀንሰው። የ18 ሚሊ ሜትሩ ትልም 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ቢወጣ፥ ጥልቀቱ የቀነሰው ሲሦውን ቢሆንም የጥንካሬው ግን ከመቶ 44 እጅ ብቻ ይቀራል። ትልም የሚወጣው ከላሜራው ስፋት እየተቀነሰ ነው፤ ከላይ በተባለው ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ስፋት የነበረው ላሜራ ትልም ሲወጣለት ወደ 89 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። ስለዚህ ትልሙን ያሳነሰ ሠሪ በአንድ ላሜራ ሰፋ ያለ ቦታ ይከድናል፤ ብረትም ይተርፈዋል። ትርፉ ለሠሪው ሲሆን ጉዳቱ ለጎተራው ባለቤት ነው።

ትልም ያለውን የብረት ክዳን በመጀመሪያ በሕግ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1829 ነበር። ሰውየው በሎንዶን የመርከብ ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ ስለ ነበረ፥ ሐሳቡን በዚያው ወደብ በዕቃ ቤት ክዳን ላይ አዋለው። ከጥቂት ዘመን በኋላ በ1837 ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ እየነከሩ ከዝገት የሚያድኑበትን ሥራ በአገሩ አስመዘገበ። የዛሬው ቆርቆሮ የነዚህ የሁለቱ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ቅርጹ ከመጀመሪያው፥ ልብሱ ከሁለተኛው ተገኘ። ወደ አገራችንም ብዛት ያለው ቆርቆሮ መግባት የተመቸው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እየገፋ ሲመጣ ነው፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱ የታወቀ ነው። ዛሬም በአገር ውስጥ ጥቅልል ላሜራ ከውጭ እያስመጡ ትልም የሚያወጡ ፋብሪካዎች ስላሉ፥ ሥራው ለሩቅ አገር ሰው ብቻ የተተወ አይደለም።

፪ኛ፤ ብረቱ ሳይግል እንዴት እንደሚታጠፍ

የመንደር ባለ እጅ ማረሻና መጥረቢያ ሲሠራ ብረቱን በወናፍ እያናፋ ያግላል፤ የጋለው ብረት ለመዶሻው ይታዘዛል። ቆርቆሮ ግን በዚህ አኳኋን ሊሠራ አይችልም። ቀጭን ላሜራ ቢግል ይጣመማል፤ የዚንክ ልብሱም ይቃጠላል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ብረቱ እንደ ቀዘቀዘ ነው።

የቀዘቀዘ ብረት ሦስት ጠባይ አለው። ጥቂት ቢያጐብጡት፥ እንደ ደጋን ሆኖ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ አልፎ ቢያጐብጡት፥ በታጠፈበት ይቀራል። ከዚህም ያለ ልክ ቢያልፉ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ወሰን የመመለስ ወሰን ሊባል ይችላል። የሠሪው ጥበብ ሁሉ መታጠፍ የሚገባውን ቦታ ከዚህ ወሰን ማሳለፍ፥ መታጠፍ የማይገባውን ቦታ ደግሞ ከወሰኑ ሳያሳልፉ መጠበቅ ነው።

ደግሞም የታጠፈው ብረት እንኳ ሲለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። 90 ማዕዘን የሚፈልግ ሠሪ ልክ 90 ላይ ቢያቆም የሚያገኘው ከዚያ የጎደለ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ላይ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፎ ያጥፈዋል። ብረቱ በጠነከረና በቀጠነ መጠን ይህ ወደ ኋላ መመለስ ይበረታል። ከሁለት ፋብሪካ የመጣ ላሜራ በአንድ መኪና ገብቶ ሁለት ዓይነት ትልም ሊያወጣ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው የሚሠራበት የፋብሪካ መኪና መዳመጫ የሚባሉ ክብ የጠነከሩ ብረቶች አሉት። ጥጥ የምትዳምጥ ሴት ጥጡን በብረት መዳመጫ ስትገፋ ፍሬው ወጥቶ ጥጡ በሌላ ወገን እንደሚያልፍ፥ ላሜራውም በላይና በታች በተጣመዱ መዳመጫዎች መካከል ያልፋል። ላሜራው ከጥቅልሉ እየተተረተረ ሲገባ የመጀመሪያው ጥንድ ትንሽ ብቻ ያጎብጠዋል፤ ሁለተኛው ጥቂት ይጨምርበታል፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ፤ እንዲህ እየሆነ ከመጨረሻው ጥንድ ሲወጣ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይገኛል። ከዚያም በሚፈለገው ርዝመት ይቆረጣል።

ሰፊ ላሜራ ብዙ ትልም የሚወጣለት ሲሆን፥ ሥራው ከመካከል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል። እያንዳንዱ ትልም ከጎኑ ብረት እየሳበ ስለሚሠራ፥ ዳሩ ነፃ ሆኖ ወደ መካከል ሊሳብ ይገባዋል። ሁሉም ትልም ባንድ ጊዜ ቢጨመቅ የመካከለኛው ብረት የሚሳብበት ስለሚያጣ ይሳሳል ወይም ይቀደዳል።

መሐንዲሱ መዳመጫዎቹን ከማስቀረጹ በፊት ላሜራው በየጥንዱ የሚኖረውን መልክ በአንድ ወረቀት ላይ ደራርቦ ይሥላል። ሥዕሉ ከጠፍጣፋው ጀምሮ እየተነሣ ሲታይ ቅጠሏን የምትከፍት አበባ ስለሚመስል፥ የሙያው ሰዎች አበባ ብለው ይጠሩታል።

፫ኛ፤ ሥራው ቀስ በቀስ የሚሆንበት ምክንያት

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሥራ ላይ እንደ ሕግ የጸና ነው። ምክንያቱንም በአሸንዳ አሠራር ማስረዳት ይቀላል፤ አሸንዳም ከቆርቆሮ ክዳን ዳር ውሃ የሚቀበል፥ በዚያው መኪና የሚሠራ ዕቃ ነው።

ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በሁለቱ ዳር 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ ወደ ላይ እንዲቆምለት ይፈለጋል እንበል። ጥንድ መዳመጫዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ተተክለዋል። የላሜራው መካከል ከአንዱ ጥንድ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ በቀጥታ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። የክንፉ ጫፍ ግን ወደ ፊት እየሄደ ደግሞ ወደ ላይ መነሣት ስላለበት መንገዱ ይረዝምበታል። ነገሩ ሁለት መንገደኞች ባንድ ሰዓት ተነሥተው አንደኛው በሜዳ፥ ሁለተኛው በዳገት ሄደው ባንድ ሰዓት እንዲደርሱ እንደ መታዘዝ ያለ ነው።

ክንፉ በአንድ ጊዜ 90 ማዕዘን እንዲቆም ቢደረግ፥ ጫፉ የሚሄደው መንገድ በግምት 308 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ማለት ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ያህል መለጠጥ አለበት። የተለመደ ለስላሳ ብረት ግን በ300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ተለጥጦ ሊመለስ የሚችለው 0.37 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፉ ከመመለስ ወሰን እጅግ ያልፋል፤ ረዝሞም ይቀራል። መካከሉ አጭር ጫፉ ረጅም ስለ ሆነ፥ ትርፉ ርዝመት የሚያርፍበት አጥቶ እንደ ቀሚስ ዳር ይጨማደዳል።

ያው 90 ማዕዘን ለ9 ጥንድ ተከፍሎ በየጥንዱ 10 ማዕዘን ብቻ እንዲነሣ ቢደረግ ግን፥ ጫፉ በየመካከሉ የሚለጠጠው 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ ከ0.37 በታች ስለ ሆነ ጫፉ ይመለሳል፤ ዳሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዱ ሥራ ለዘጠኝ ስለ ተከፈለ ብቻ የማይቻለው የሚቻል ሆነ።

ይህ ሥርዓት ሲጣስ የሚታዩት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። የዳር መጨማደድ አንዱ ነው። ሁለተኛው ላሜራው በርዝመቱ እንደ ደጋን መጉበጡ ነው። ሦስተኛው እንደ ገመድ መጠምዘዙ ነው። አራተኛው በሚቆረጥበት ጊዜ ጫፉ መከፈቱ ወይም መጨበጡ ነው፤ ይህም በብረቱ ውስጥ ታስሮ የነበረው ኃይል ሲቆረጥ ስለሚፈታ የሚመጣ ነው። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ቆርቆሮ በክዳን ላይ ሲነጠፍ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ አይቀመጥም፤ በተነባበሩበት ቦታ ክፍተት ይቀራል፤ በዚያም ነፋስና ዝናም ይገባል።

፬ኛ፤ አስቀድሞ በሂሳብ ስለ መመርመር

መዳመጫ የሚቀረጸው ከጠነከረ ብረት ስለ ሆነ ዋጋው ብዙ ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት ማቅናቱ ድካም አለው። ስለዚህ መሐንዲሶች ብረቱን ከመቁረጣቸው በፊት ሥራውን በሂሳብ ይመረምሩታል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው ከአባት ወደ ልጅ በመጣ ልምድና በሥዕል ብቻ ነበር። ኋላ ግን ሊቃውንት ሕጉን በቁጥር መግለጽ ጀመሩ።

በ1984 በኒውዚላንድ አገር ባታቻሪያ የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ ክንፉ መነሣት ከጀመረበት እስከ መዳመጫው ድረስ ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚሆን የሚያስታውቅ አጭር ሂሳብ አወጣ። በዚህ ሂሳብ ርቀቱ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፤ በክንፉ ስፋት፥ በሚነሣው ማዕዘንና በላሜራው ውፍረት። የብረቱ ጥንካሬ በሂሳቡ ውስጥ አለመግባቱ የሚያስደንቅ ነው። ከላይ ለተባለው አሸንዳ 5 ሳንቲ ሜትር ክንፍ 10 ማዕዘን ሲነሣ፥ ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ቀጭኑ ላሜራ ከወፍራሙ ይልቅ ረጅም ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለገዢም ለሠሪም ይጠቅማል። ጥንዶቹ በ30 ሳንቲ ሜትር የተተከሉት መኪና ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በቂ ነው፤ ለ0.5 ሚሊ ሜትር ግን ቦታው ያንሰዋል። ስለዚህ ለወፍራም ብረት በተዘጋጀ መኪና ቀጭን ብረት ማስገባት ብረት መቆጠብ ቢመስልም፥ በዳሩ መጨማደድ ራሱን ያጋልጣል።

በዛሬው ዘመን ይህን ምርመራ ኮምፒዩተር በሚባለው የሂሳብ መኪና ይሠሩታል። ላሜራውን በሐሳብ እጅግ ብዙ ወደ ሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ክፍል በጎረቤቱ ሲሳብና ሲገፋ ምን እንደሚሆን መኪናው ያሰላል፤ በዚህም አኳኋን ቆርቆሮው ሳይሠራ መልኩ ይታያል። ነገር ግን ሂሳቡ የሚነግረው በተነገረው መጠን ነው። የብረቱን ውፍረት 0.4 ብለው ነግረውት እውነተኛው ላሜራ 0.35 ከሆነ፥ መልሱ በቁጥር ትክክል ሆኖ በሥራ ሐሰት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ዳኛ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ፥ አስተዋይ መሐንዲስም በሂሳብ ብቻ አይፈርድም፤ ሁለተኛውን ምስክር ከሥራው ቤት ይጠራል። በጠፍጣፋው ላሜራ ላይ በመርፌ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ጭሮ ያስገባዋል፤ ሲወጣ አራት ማዕዘኖቹ የት እንደ ረዘሙ የትም እንደ ጠበቡ ይለካል። በዳሩ ላይ ደግሞ መለጠጡን በኤሌክትሪክ የሚያስታውቅ ቀጭን ሽቦ ይለጥፋል። ወይም መኪናውን በሥራ መካከል አቁሞ ላሜራውን ያወጣና በየጥንዱ የያዘውን መልክ ከሥዕሉ ጋር ያስተያያል። ሂሳቡና መለኪያው ሲስማሙ ሥራው ይቀጥላል፤ ባይስማሙ ግን የሚታረመው ሂሳቡ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም፤ ብረት ሐሰት አይናገርምና።

፭ኛ፤ በፋብሪካ ስለሚደረጉ ፈተናዎች

ከሠሪው ቤት ቆርቆሮ ሳይወጣ ሊደረጉ የሚገባቸው ዋና ፈተናዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የመሳብ ፈተና ነው። ከላሜራው ጠባብ ቁራጭ ተቆርጦ በሁለት ወገን ተይዞ ይሳባል፤ የመመለስ ወሰኑ የት እንደ ሆነ፥ በስንት ኃይል እንደሚበጠስ፥ ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል እንደ ረዘመ ይጻፋል።

ሁለተኛው የማጠፍ ፈተና ነው። ቁራጩ ፈጽሞ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ጀርባ የዚንኩ ልብስ ቢቀረፍ፥ በትልሙም ጀርባ ላይ እንዲሁ ይቀረፋል ማለት ስለ ሆነ ላሜራው አይወሰድም።

ሦስተኛው የዚንክ ልብስ ፈተና ነው። የተመዘነ ቁራጭ በአሲድ ውስጥ ገብቶ ዚንኩ ይሟሟል፤ ተመልሶ ሲመዘን የጎደለው የዚንኩ ክብደት ነው። ጥሩ ልብስ አለው ከሚባለው ደረጃ አንዱ በአንድ ካሬ ሜትር በሁለቱም ፊት ተደምሮ 275 ግራም ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ፊት 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ጥቂት በተጫረበት ቦታ እንኳ እርሱ ራሱ ስለ ብረቱ ፈንታ ይበላል። ስለዚህ ዕድሜው እንደ ብዛቱ ነው፤ ግማሽ ዚንክ ያለው በግምት ግማሽ ዕድሜ ይኖረዋል።

አራተኛው የሸክም ፈተና ነው። ያለቀው ቆርቆሮ በሁለት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሸክሙ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ በየጊዜውም የረገበው መጠን ይለካል። ሸክሙ ሲነሣ ወደ ቦታው የሚመለስበት ወሰንና ትልሙ ተጨፍልቆ የሚወድቅበት ወሰን ለየብቻው ይጻፋል።

፮ኛ፤ የሚረከበው ሰው ራሱ ሊያደርገው ስለሚገባው ፈተና

ሹም የሆነ ሰው ፋብሪካ የለውም፤ ሚዛንና ገመድ ግን በየገበያው አሉ። በእነዚህ ብቻ የሚከተለውን ማድረግ ይችላል።

1. በውል ላይ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ማስጻፍ። ነጋዴዎች ጌጅ በሚባል ቁጥር ይናገራሉ። ይህ ቁጥር በበዛ መጠን ላሜራው ይቀጥናል፤ ይህም ላልለመደ ሰው ግራ ያጋባል። የጌጅ መለኪያም በየአገሩ አንድ ስላልሆነ፥ በክርክር ጊዜ መልስ አይሆንም። ከውፍረቱ ጋር የትልሙ ጥልቀትና የዚንኩ ክብደት አብሮ ይጻፍ።

2. መመዘን። ቀጭን ገመድ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በትልሙ ጎድጓዳና ጀርባ ላይ እያስጠጉ ይዘርጉ፤ ገመዱን ቀጥ አድርገው ሲለኩት የጠፍጣፋው ላሜራ ስፋት ይገኛል። ስፋቱን በርዝመቱ ማባዛት የብረቱን ስፍራ በካሬ ሜትር ይሰጣል። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በየ1 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የቆርቆሮውን ክብደት በካሬ ሜትሩ ከፍሎ፥ የተገኘውን ደግሞ በ7.85 ቢከፍሉት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይወጣል።

ለምሳሌ የገመዱ ስፋት 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ 6.28 ኪሎ ቢመዝን ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4.71 ኪሎ ቢመዝን ግን 0.3 ብቻ ነው። አንድ የወረዳ ሹም ለጎተራ ክዳን 200 ቆርቆሮ በ0.4 ውል ገዝቶ 0.3 ቢረከብ፥ ቁጥሩ ሳይጎድል 314 ኪሎ ብረት ጎድሎበታል። የሕዝቡ ገንዘብ ሙሉ ተከፍሎ፥ ሩቡ ብረት በነጋዴው ቤት ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ብቻ መዝኖ መፍረድ ግን አይገባም፤ ጥቂት ልዩነት ከማናቸውም ፋብሪካ ስለማይጠፋ፥ ከየክምሩ ላይ፥ ከመካከልና ከታች እያወጡ አሥር ያህል መዝኖ መካከለኛውን መያዝ ይሻላል።

3. የትልሙን ጥልቀት መለካት። ቀጥ ያለ እንጨት በጀርባዎቹ ላይ አጋድሞ ከእንጨቱ እስከ ጎድጓዳው ያለውን መለካት ነው። ይህ በሦስት ቦታ፥ በሁለቱ ዳርና በመካከል ይደረግ። የመካከሉ ደኅና ሆኖ የዳሩ ያነሰ እንደ ሆነ መዳመጫው በሚገባ አልተስተካከለም።

4. ዳሩን ማየት። ቆርቆሮውን በደልዳላ ወለል ላይ አስተኝቶ በርዝመቱ አሻግሮ ማየት ነው። ዳሩ የተጨማደደ፥ የጎበጠ ወይም ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ከወለል የተነሣ ቢሆን፥ ቅርጹ በችኮላ የተሰጠ ስለ ሆነ ተለይቶ ይቀመጥ። ሁለት ቆርቆሮዎችንም አነባብሮ በመካከላቸው ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል።

5. በሸክም ማስተያየት። አስቀድሞ ደኅንነቱ የታወቀ አንድ ቆርቆሮና ከአዲሶቹ አንዱን፥ በክዳኑ ላይ ማገሮቹ በሚራራቁበት ልክ በሁለት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። እኩል የተመዘነ አሸዋ በእኩል ስፍራ አልብሶ የሁለቱን መርገብ በክርና በመለኪያ ማስተያየት፥ አሸዋውንም አንሥቶ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ማየት ይገባል። አዲሱ ረግቦ ከቀረ ለዚያ የማገር ርቀት አይሆንም፤ ወይ ማገሩ ይቀራረብ ወይ ቆርቆሮው ይመለስ። በፈተናው ጊዜ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ።

6. እስኪነጠፍ ድረስ በደረቅ ቦታ ማኖር። ተነባብሮ የተከመረ ቆርቆሮ ውሃ ቢገባበት፥ ነፋስ ስለማያገኝ ዚንኩ ነጭ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ከመሬት አንሥቶ፥ ጥቂት አዘንብሎ፥ ከዝናም ሸፍኖ ማኖር ይገባል። በመልካም የተሠራ ቆርቆሮ በመጥፎ አቀማመጥ አንድ ክረምት ሳያገለግል ይበላሻል።

እነዚህ ፈተናዎች ሁሉ ተደምረው ከግማሽ ቀን በላይ አይወስዱም። የተገኘውም ቁጥር ከቀኑና ከነጋዴው ውል ጋር በመዝገብ ይጻፍ። መዝገብ ያለው ሹም ክዳኑ ያለ ጊዜው ቢያልቅ የሚጠይቀውን ሰው ያውቃል፤ መዝገብ የሌለው ግን የሚወቅሰው ክረምቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ አጭር ነው። ቆርቆሮ የሚጠነክረው በብረቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቅርጹ ነው። ቅርጹም ደኅና የሚሆነው ብረቱ ሳይቸኮልበት፥ በየደረጃው በልኩ ሲሰጠው ነው። በልኩ መሰጠቱ ደግሞ የሚታወቀው በሂሳብና በመለኪያ እንጂ በዓይን ግምት አይደለም። መሐንዲሱ በፋብሪካው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሹሙ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ በገመድና በሚዛን ቢከተለው፥ ገበሬው ያስረከበው እህል ከክረምት ወደ ክረምት ደርቆ ይሻገራል።